ዘይት የቋጠረው እርሾ

አንዲት ሴት ነበረች፤ ተመራማሪ ናት። ከእርሾ ዘይት ለማውጣት ሁለት ዓመት ለፋች። ሳቃችሁ? እኔም መጀመሪያ ስሰማ ስቄያለሁ። ግን ስኳር በልቶ በውስጡ ዘይት የሚያጠራቅም የእርሾ ዓይነት አለ። ለሳሙናም ለመኪናም የሚሆን ዘይት! ከምድር የሚቀዳው ነዳጅ ያልቃል፤ እርሾ ግን እንደገና ይራባል።

የእሷ እርሾ ይበዛል፣ ይበዛል፣ ዘይት ግን የለውም። አለቆቿም "እስከ ሰኔ ካልታየ ሥራው ይቆማል" አሏት።

ምን አጠፋች? አመሏ የእኛው አመል ነው። እንግዳ ሳህኑን ሳይጨርስ እንጨምርበት የለም? እሷም እርሾው እንዳይጎድልበት እየሰጋች ከስኳር ፋብሪካ የተረፈውን ስኳራማ ዝቃጭ፣ ሞላሰሱንም፣ የሚያራባውን ማዳበሪያም በላይ በላዩ ትጨምራለች። "በሞቴ!" ማለት ብቻ ነው የቀራት።

በግንቦት ማዳበሪያው አለቀ። ከየትም አልተገኘም። ሞላሰስ ብቻ ቀረ። ሴትዮዋ ቁጭ ብላ አለቀሰች።

አብረዋት የሚሠሩት ጋሽ ተካልኝ፣ "ዶክተር፣ ያለንን እንስጠው። መድፋቱ የት ይሄዳል?" አሏት።

"እኔ በቃኝ ጋሽ ተካልኝ። እንደፈለጉ ያድርጉት።"

በአምስተኛው ቀን በማይክሮስኮፕ አየች። እርሾው መራባቱን ትቷል። ማዳበሪያው ሲቀርበት፣ የሚደርሰውን ስኳር ዘይት አድርጎ ቋጥሮታል!

"ጋሽ ተካልኝ! ይምጡ! ይዩልኝ!"

አዩና ባርኔጣቸውን አወለቁ። "ተመስገን" አሉ። ሥራውም አልቆመም።

ወገኖቼ፣ ልብ በሉ። ለተራበ ሰው "መራብህ መልካም ነው" በሉት አላልኩም። ምግብ ስጡት! እርሾውም ቢሆን ስኳሩ አልተቋረጠበትም። አንድ ነገር ቀረበት፤ ሌላው ግን ዕለት ዕለት ይወርድለት ነበር።

እኔና ባለቤቴ ልጅ ለምነን አልተሰጠንም። አሥራ አራት ዓመት አልቅሰናል። በእነዚያው ዓመታት ግን አሳዳጊ ያጡ ልጆች ቤታችን ገቡ። ሦስቱ አሁን መካከላችሁ ተቀምጠዋል። አንዷ ትናንት "አባዬ፣ በላህ ወይ?" ብላ ደወለችልኝ። ክብር ለእርሱ ይሁን፤ እኔ እጅግ ደስተኛ ሰው ነኝ!

እናንተስ? የቀረባችሁን ታውቁታላችሁ፤ ስታለቅሱበት ከርማችኋል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ያልተቋረጠባችሁ ምንድን ነው? በራችሁን ሳያንኳኳ ያልዋለው ማን ነው? ዛሬ ቤት ሳትደርሱ፣ እዚያው መንገድ ላይ፣ ስሙን ጠርታችሁ አመስግኑ።