እጥፍ ባሩድ የያዘው ቀለህ

«አንድ ገበሬ ነበረ» አሉ ጋሽ መንበሩ፣ ትርሲት ጥያቄዋን እንደጨረሰች። ትርሲት የእህታቸው ልጅ ናት፤ ዳኛ ሆና ከተሾመች ገና ወር አልሞላትም። የጠየቀቻቸውም፣ «ጠረጴዛዬ ላይ ሦስት መቶ መዝገብ ተከምሯል። አንዱ ባልደረባዬ ተመሳሳዩን ሰብስበሽ በአንድ ጠዋት ወስኚ ይለኛል፤ ሌላው አትቸኩዪ ይላል። ግራ ገባኝ፣ ጋሼ። ከየት ልጀምር?» ብላ ነበር።

አንድ ገበሬ ነበረ። ማሽላው ሊደርስ ሲል ከርከሮ ገባበት። አማቹ፣ የሚስቱ ወንድም፣ ጠመንጃ አለው፤ ጥይት ግን የለም። ገበሬው የተተኮሰ ባዶ ቀለህ ለዓመታት ሲያጠራቅም ኖሯልና፣ ባሩድና እርሳስ ሞልቼ መልሼ ጥይት አደርገዋለሁ ብሎ የጥይት መሙያ ሊገዛ ከተማ ወረደ።

ከተማ ሲደርስ ጭራሽ ዞረበት። አንዱ መሙያ ትንሽ ነው፤ በአንድ ጊዜ አንድ ቀለህ ብቻ ይይዛል። ሌላው እንደ መንኮራኩር የሚዞር ነው፤ አምስት ቀለህ ይዞ፣ እጀታው በተሳበ ቁጥር አንድ ያለቀለት ጥይት ይተፋል። አንዱ አዳኝ ትልቁን ግዛ አለው። ሌላው ትንሹን አለው። ሦስተኛው ሁለቱንም ተው አለው።

አንድ ሽማግሌ ጠመንጃ ጠጋኝ፣ «ለጀማሪ ትንሿ ትሻላለች» አሉት። «እርሳሱ ሳይከደንበት የእያንዳንዱን ሆድ ታያለህ።»

ሻጩ ሳቀ። «የሰው ሁሉ ማሽላ ታጭዶ፣ አንተ ገና ሆድ ስታይ ልትከርም ነው?»

ገበሬው አፈረ። ትልቁን ተሸክሞ ተመለሰ።

ጠዋት ሥራ ጀመረ። እጀታውን ይስባል፣ ጥይቱ ቅርጫት ውስጥ ይወድቃል። ሃምሳ ያህል እንደሞላ መንኮራኩሩ አልዞር ብሎ ተያዘ። ወደ ኋላ መለስ ሲያደርገው ጎረቤቱ በአጥሩ በኩል ብቅ አለ። ሰላምታ ደግሞ አይቆረጥም። ተነሥቶ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ፣ ከዚያም እንደገና ስለ ልጆቹ ጠየቀ፤ ተጠየቀም። ተመልሶ ሲቀመጥ፣ ባሩዱ ቀለሁ ውስጥ ወርዶ ነበር ወይስ አልወረደም? ጠፋበት። «ደህና ነው» ብሎ ሳበ። መቶውን ሞላ።

ከዚያ በኋላ ግን ልቡ አላርፍ አለው። አንዱ ቀለህ ሁለት ጊዜ ባሩድ ተቀብሎ ከሆነ፣ ጠመንጃው የተኳሹ ፊት ላይ ይፈነዳል። የትኛው ነው? አንዱን አንሥቶ በመዳፉ መዘነ። ሌላውን መዘነ። ጆሮው ሥር ነቀነቀ። ሁሉም ይከብዳል፤ ሁሉም ይቀላል፤ ሁሉም ያብረቀርቃል። ባያቸው ቁጥር ይበልጥ አንድ ሆኑበት።

አማቹ ጠመንጃውን አንግቶ መጣ።

«በል አምጣ፣ ከርከሮው ማሳውን ሊጨርሰው ነው!»

«አልሰጥህም። አንዱ ክፉ ሳይሆን አይቀርም።»

«ዘጠና ዘጠኙ ደህና አይደል እንዴ? አንተ ፈሪ!»

«ያንተ ጉንጭ ጋ የሚደርሰው የትኛው እንደሆነ አላውቅማ!»

ገበሬው መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ጉጠት ይዞ መቶውን አንድ በአንድ ይፈታ ጀመር። ሦስት ቀን ፈጀበት። ከርከሮው የታችኛውን ማሳ ጨረሰው፤ መንደሩም ሳቀበት። በሦስተኛው ቀን አንዱን ሲከፍት እጥፍ ባሩድ ፈሰሰ። ጥቂት ቆይቶ ሌላ ከፈተ፤ ውስጡ ባዶ ነበር። አንዱ የሌላውን ድርሻ ተሸክሞ ኖሯል። ሁለቱን ለአማቹ አሳየው። አማቹ ጉንጩን ዳሰሰ።

ጋሽ መንበሩ ወደ ትርሲት ዞሩ።

«ቀለሁ መዝገብ ነው፣ ልጄ። ከተከደነ ወዲያ ሁሉም ይመሳሰላል። እኔን ከዩኒቨርሲቲ አውጥተው ፍርድ ቤት ያቆሙኝ ጠዋት አርባ ነበርን፤ ዳኛው ከምሳ በፊት ጨረሰን። ሌላ ሰው ያደረገውን እኔ ላይ ደርቦ ስምንት ዓመት ፈረደብኝ። ያ ሌላው ሰው ባዶውን፣ በነፃ ወጣ። እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ሰላምታው አያልቅም፤ ስለ ልጆቼ ይጠይቀኛል። ልጅ እንደሌለኝ ያውቃል። ዳኛው ግን መሳሳቱን እንኳ አያውቅም፤ አላየማ። ነገ ስትገቢ አንድ መዝገብ አውጪ። ሰው ይስቅብሻል፤ ማሽላም ይበላብሻል። ይበላ። ሆዱን ሳታዪ አትክደኚው።»