አህያን በነብር ለመለወጥ

አንድ ጊዜ፣ እንስሳት ቅርጫት ኳስ በለመዱበት ዘመን፣ የወንዝ ማዶ ቡድን ሦስት ግጥሚያ በተከታታይ ተሸነፈ። ሦስቱንም የተሸነፈው በአንድና በሁለት ነጥብ ነው። የቡድኑ የበላይ አንበሳ፣ አሰልጣኙ ደግሞ ጅብ ነበሩ። ጅብ የተሾመው ጨዋታ ስለሚያውቅ ሳይሆን ከሁሉም ይበልጥ ስለሚጮህ ነው፤ እንዲህ ያለ ሹመት በእንስሳት ዘንድ ብቻ የሚገኝ አይደለም።

በዚያ ቡድን ቀጭኔ ከቀለበቱ ሥር ታስቆጥራለች፤ ጦጣ ከሩቅ ወርውራ ታስገባለች። አህያ ምን እንደሚሠራ ግን ጅብ አያውቅም። ለጅብ ጨዋታ ማለት ቀለበት ውስጥ የገባ ኳስ ነው፤ አህያ ደግሞ በውድድሩ ሁሉ ያስቆጠረው አራት ነጥብ ብቻ ነበር።

ከሦስተኛው ሽንፈት በኋላ የገደል ሥር ቡድን መሪ ቀበሮ ጅብን ሜዳው ዳር አገኘችው።

«አያ ጅቦ፣ ምነው ከሳህ? ሽንፈት ነው ወይስ ረኀብ?»

«ሁለቱም ነው፣ እመት ቀበሮ። ነጥብ የሚያመጣልኝ አጣሁ።»

«እኔ ዘንድ ነብር አለ። በአንድ ጨዋታ ሠላሳ ነጥብ።»

ጅብ ምራቁን ዋጠ። «ሠላሳ! በማን ትለውጪልኛለሽ? ቀጭኔን ውሰጃት።»

«ቀጭኔን ምን አደርጋታለሁ? ለወዳጅነታችን ስል አህያን እወስድልሃለሁ።»

«ያንን ባለ አራት ነጥብ? ከነኮቴው ውሰጂው! እስከ ዛሬ ሳልበላው መክረሜ ራሱ ለቡድኑ ብዬ ነው።»

ቀበሮ ፊቷን አዙራ ሳቀች። ሦስቱንም ጨዋታ ስትመለከት ዓይኗ ያረፈው አህያ ላይ ብቻ ነበር።

በዚያ አገር የተጫዋች ዝውውር እንደ ከብት ገበያ ነው፤ የሚለወጠው ነውር በአደባባይ ሳይነገር ውሉ አይጸናም። ነውሩን የሚናገሩትም አብረውት የተጫወቱ ናቸው፤ ከነሱ የሚሰወር የለምና። በማግስቱ ጠዋት ሁለቱ ቡድኖች ሜዳው ላይ ተሰበሰቡ፤ አንበሳ መሐል ተቀመጠ። አህያ ጆሮውን ጥሎ ከዳር ቆመ። ሰባት ዓመት የተጫወተው ከነዚህ ጋር ነው። መሄድ ይፈልግ እንደሆነ የጠየቀው ግን አልነበረም።

«የአህያን ነውር ተናገሩ» አለ አንበሳ።

ጦጣ ጀመረች። «ጌታዬ፣ ኳስ ይዞ አይቆይም።»

«ለማን ይሰጣል?»

«ለኔ።»

«አንቺስ ምን ታደርጊበታለሽ?»

ጦጣ አፈረች። «አስቆጥርበታለሁ።»

«እኔም ልናገር» አለች ቀጭኔ። «መንገድ ላይ ይገተራል። ማንም ግዙፍ እኔን ሊገፋ ሲመጣ የሚያገኘው የአህያን ጎን ነው። ጎኑ ቆስሎ አያውቅም የሚል ካለ መጥቶ ይይ። ይህ ነውር ከተባለ፣ ነውሩ ይኸው ነው።»

ጃርትም ተከተለ። «የምጠብቀው ተጫዋች ባመለጠኝ ቁጥር ሮጦ ይደርስልኛል፤ ስድብም የለውም። እኔን ስንፍና ያስለመደኝ እሱ ነው።»

ጅብ ተቁነጠነጠ። «ነጥቡን ተናገሩ እንጂ! አራት ነው! አራት!»

ቀጭኔ አንገቷን ዝቅ አደረገችለት። «አያ ጅቦ፣ ሦስቱንም ጨዋታ እየመራን ነበር። አንተ አራት ነው እያልክ መጨረሻው ላይ ታስወጣዋለህ። የምንሸነፈው እሱ ከተቀመጠ በኋላ ነው።»

አንበሳ ወደ አህያ ዞረ። «አንተስ የራስህን ነውር ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ ጌታዬ። መዝለል አልችልም። ስለዚህ ኳሱ ከመውረዱ በፊት የሚወድቅበት ቦታ መድረስ ግድ ሆነብኝ።»

አንበሳ ወደ ቀበሮ ዞሮ «የነብርስ ነውር?» ሲል ጠየቀ።

«ነብር እንኳ ነውር የለበትም» አለች ቀበሮ ፈጥና።

«አንቺ አብረሽው አልተጫወትሽም። የቡድንሽ ፍየል ትናገር።»

ፍየል ጢሟን አሻሸች። «ነውሩን አላውቅም ጌታዬ። አራት ዓመት አብሬው ሜዳ ገብቻለሁ፤ ኳስ አቀብሎኝ ግን አያውቅም። እንደ ተመልካች ቆሜ አየዋለሁ። እውነት ለመናገር፣ አዘላለሉ ያምራል።»

«አመሰግናለሁ» አለ ነብር፣ የተመሰገነ መስሎት።

ቀበሮ ነገሩ እንዳመለጣት ገባት። «ጌታዬ፣ አያ ጅቦ እኮ ቃል ገብቶልኛል።»

«ቃሉ የሚጸናው ነውር ሲነገር ነው» አለ አንበሳ። «እኔ የአህያን ነውር ጠይቄ የሰማሁት ሥራውን ነው። ዝውውሩ ቀርቷል። አንተም አያ ጅቦ፣ ከዛሬ ጀምሮ አህያን ከሜዳ ባስወጣህ ቁጥር አብረኸው ትወጣለህ።»

የአህያ ጆሮዎች ቀና አሉ።

በሳምንቱ ሁለቱ ቡድኖች ተጋጠሙ። ነብር ሠላሳ ሁለት ነጥብ አስቆጠረ፤ ሕዝቡም በየዝላዩ እልል አለ። አህያ እስከ መጨረሻው ሜዳ ውስጥ ቆየ፤ አንድም ነጥብ አላስቆጠረም። ወንዝ ማዶ በዘጠኝ ነጥብ አሸነፈ። ሕዝቡ ጦጣን በትከሻው ተሸክሞ እየዘፈነ ሄደ። በተመልካቹ መሐል ለአህያ ብድግ ብላ ያጨበጨበችው የተሸነፈችው ቀበሮ ብቻ ነበረች፤ ተንኮለኛ ብትሆንም ጨዋታ ታውቃለችና።

ከዚህ የምንማረው የባልንጀራ ዋጋ የሚለካው ራሱ ባስቆጠረው ሳይሆን እሱ አጠገባቸው በመኖሩ ሌሎች በሚያስቆጥሩት መሆኑን ነው።