በሰላም ከተማ የተሰገደ የፍርሃት ሶላት

ጀመዓ፣ አፉ በሉን። ይህ ወሬ ግንባሩን መሬት አስነክቶ ሱጁድ አልወርድ ያለ ሰው ያለበት በመሆኑ ለተከበረ ጆሮ አይመጥንም። ልንተወው ብንል እሱ አልተወንም።

በአንዲት ጥንታዊ ከተማ ሸኽ እንድሪስ የሚባሉ ኢማም ነበሩ። ጉልበታቸው ደክሟል፤ ከጉልበታቸው ይልቅ ስሞታ መስማት አድክሟቸዋል። አንድ ቀን ከቀትሩ የዙህር ሶላት በፊት የከተማዋ ትልልቅ ሰዎች ሐጂ ይማምን አስቀድመው ከበቧቸው።

«ያ ሸኽ፣ ይህ ከጦርነት ሸሽቶ የመጣው ዘከሪያ ሶላታችንን አበላሸው። እኛ ሱጁድ ስንወርድ እሱ ቆሞ ዞሮ በሩን ያያል! ወይ ኩራት ነው ወይ ጅን ነው። ከመስጊድ ይውጣልን።»

«ሱጁድ ላይ ሆናችሁ እንዴት አያችሁት?» አሉ ሸኹ።

ሐጂ ይማም ጢማቸውን ዳሰሱ። ሌሎቹ ጣሪያ ጣሪያውን አዩ። አላህ ይዘንላቸውና፣ ለሰው ሶላት ሲጨነቁ የራሳቸውን የረሱ ደጋግ ሰዎች ነበሩ።

ሸኹ በምርኩዛቸው እየተደገፉ ወደ መጨረሻው የሰጋጆች ሰፍ ሄዱ። ዘከሪያ ዓይኑ ደም መስሎ ግድግዳ ተደግፏል። አጠገቡ እስኪቀመጡ ጉልበታቸውን ብዙ ለመኑት።

«ልጄ፣ በሩ ላይ ምን ታያለህ?»

«ምንም አባቴ። እስካሁን ምንም። እኛ አገር ግንባራችንን መሬት ስናስነካ ነው የመጡት። ከተኩሱ በኋላ ከሰፋችን ቀና ያልኩት እኔ ብቻ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ዝቅ ልበል ስል አንገቴ እምቢ ይለኛል። ትራስ ላይም እምቢ ይለኛል። ካስቀየምኩ እሄዳለሁ።»

ሸኽ እንድሪስ ታገሥ ሊሉት አሰቡ። ይህንን ግን እስካሁን ያገኘው ሰው ሁሉ ብሎታል። ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሡ።

«ሐጂ፣ ዛሬ አንቱ ያሰግዱ። የምንሰግደው የፍርሃት ሶላት ነው። በጦር ሜዳ እንደሚደረገው ሌላው ሲሰግድ አንዱ ይጠብቃል፤ እኔ ኋላ እሰግዳለሁ።»

«ሱብሃነላህ! እዚህ ምን ጠላት አለ? ደጅ ያለው የኔ አህያ ብቻ ነው!»

«ለአንቱ አህያ ነው።»

ሸኹ ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዙረው በሩ ላይ ቆሙ። «ዘከሪያ፣ እዚህ ነኝ። የሚመጣ ካለ መጀመሪያ የሚያገኘው እኔን ነው።»

ጀመዓው ሱጁድ ሲወርድ ሸኹ ልብሶች ሲንኮሻኮሹ ሰሙ። ዞረው አላዩም። ከሁሉም ዘግይቶ ደግሞ አንድ ልብስ ተንኮሻኮሸ።

ሶላቱ አለቀ፤ ዘከሪያ ግን ግንባሩን አላነሣም። ሐጂ ይማም ጎንበስ ብለው አዳመጡ።

«ያ ሸኽ! ያንኮራፋል! የታጠበው ውዱእ በእንቅልፍ ፈረሰ፤ ሶላቱም ተበላሸ!»

ሸኹ ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳይነቅሉ፣ «ሲነቃ ይታጠባል» አሉ። ቀጥለውም፣ «አሁን የኔ ሶላት ነው፤ በሩን ማን ይይዛል?»

ሁሉም ጫማውን መፈለግ ጀመረ። ሐጂ ይማም እያጉረመረሙ፣ አህያቸውንም ለማየት ይመቻል ብለው፣ በሩ ላይ ቆሙ።

ሸኹ ያደረጉት ያስኬድ እንደሆነ ለሃይማኖት ሊቃውንቱ ለዑለሞች እንተዋለን። እኛ የገባን ይህ ብቻ ነው፤ የፈራን ሰው አትፍራ ማለት አፍ ብቻ ይበቃዋል፤ በሩ ላይ መቆም ግን ያደክማል።

ስለዚህ አደራ፣ ይህን ለማንም አትንገሩ። ከጦርነት ወጥተው እንቅልፍ ያጡት ብዙ ናቸው። ሰምተው የመጡ እንደሆነ በሩ ላይ የምንቆመው እኛ ነን።