የመጀመሪያው ቤት ቁልፍ

በአንድ ወቅት፣ ደመና ከሰው ጋር በሚውልበት ተራራ ላይ ድንኳን ጥሎ የሰፈረ ጦር ነበር። አዛዡ ኮሎኔል ዘውገ ይባላሉ። እኚህ ሰው ጠላት ሲመጣ አይደነግጡም፤ ክረምት ሲመጣ ግን ይጨነቃሉ። ለምን ቢሉ፣ ዝናብ በጣለ ቁጥር ድንኳኑ ያፈሳል፣ ብርድ ልብሱ ይረጥባል፣ ወታደሩ ሲያስል ይከርማል። «ልጆቼ ከጥይት ተርፈው በሳል ሊያልቁብኝ ነው» ይሉ ነበር። እውነታቸውን ነው።

በዚያ ዓመት ተጠባባቂው ጦር ከየከተማውና ከየገጠሩ ተጠርቶ መጣ። ነባሮቹ በክብር ተቀበሏቸው፤ ጣጣውን ያመጣውም ይኸው ክብር ነው! «እንግዶቻችን ናችሁ፣ ቁጭ በሉ» እያሉ ምግብ ያስቀድሟቸዋል፤ ዘብ ግን አያስቆሟቸውም፣ ሥራም አያስነኳቸውም። እንግዳ የተባለ ወታደር ምን ያደርጋል? በልቶ ያመሰግናል፣ በሆዱም ይቀየማል። እንዲህ እያለ አንዱ ጦር ሁለት ሰፈርና ሁለት ድስት ሆነ።

ኮሎኔሉ ይህ አንገብግቧቸው ሁሉንም አሰለፉና አፋቸው ቀደማቸው። «ይህን ተራራ ሰው የሚኖርበት ላደረገልኝ፣ እዚህ የሚሠራው የመጀመሪያው የቤተሰብ ቤት የእሱ ነው። ዘመዶቹን ያምጣ!» አሉ። አይ አፍ!

ሃምሳ አለቃ ጉደታ ከነባሮቹ ነው። ተራራው ላይ ድንጋይ ሞልቷል፤ ውሃ ግን ከሸለቆው በአህያ ስለሚመጣ እንኳን ለግንባታ ለመጠጥም አይበቃም። ከሰፈሩ በላይ ባለው ገደል መሐል ምንጭ እንደሚያንጠባጥብ ሁሉም ያያል፣ የሚደፍረው ግን የለም። ጉደታ ወገቡን በገመድ ታስሮ ወረደ። «ኧረ ተው፣ ልጆች አሉህ!» ቢሉት «ለእነሱ ብዬ አይደል እንዴ!» አለ። አለቱን በዲጂኖ ሰንጥቆ ምንጩን ለቀቀው፤ ውሃውም በቧንቧ ሰፈር ገባ። አውራ ጣቱን ግን ድንጋይ ጨፍልቆት ቀረ።

ሽመክት ደግሞ ተጠባባቂ ነው፤ በአገሩ ግንበኛ ነበር። ነባሮቹ የወታደሮቹን ረጅም ቤት ግድግዳ ሲያቆሙ እሱ ከእንግዳ ወንበሩ ላይ ሆኖ ያያል። ግድግዳው ተንጋዷል። ታገሠ፣ ታገሠ፣ አልሆነለትም። ኮቱን ወረወረና «እኔም ወታደር ነኝ፣ እንግዳ አትበሉኝ!» ብሎ የቆመውን በሙሉ አፈረሰው። ወይ ጉድ! ሊደበድቡት ምንም አልቀራቸው። እሱ ግን መሠረቱን አለት እስኪያገኝ ቆፍሮ ብቻውን ይገነባ ጀመር። የአገልግሎት ጊዜው አልቆ ተሰናበት ሲባልም «ጣሪያ ሳልመታማ አልሄድም» አለና በነባሩ ጦር ተመዝግቦ ቀረ።

ብቻውን የት ይደርሳል? ይህን ያየችው የወጥ ቤቱ ኃላፊ፣ ወታደር ወይኒቱ ነበረች። አንድ ቀን ጦሩ ለምሳ ሲሰለፍ፣ ሁለተኛው ድስት ባዶውን ተደፍቶ አገኘው። «ከዛሬ ወዲያ ድስቱ አንድ ነው። ድንጋይ ያቀበለ ይበላል፤ ነባርና ተጠባባቂ የሚባል አላውቅም!» አለች። አንድ መቶ አለቃ «ትታሰሪያለሽ!» ብሎ ቢቆጣ፣ ጭልፋውን ዘረጋችለትና «እንግዲያው እርስዎ ያብስሉልን» አለችው። እሱም ወደ ሰልፉ ተመለሰ። በማግስቱ ሁለቱ ሰፈሮች ተቀላቅለው ተሰልፈው ድንጋይ ከእጅ ወደ እጅ ይቀባበሉ ጀመር።

ረጅሙ የወታደሮች ቤት ቆርቆሮ እንደለበሰ ሰማዩ ጠቆረ። በረዶ የቀላቀለው ወጀብ ድንኳኖቹን ነቅሎ ገደል ከተታቸው። ጦሩ ግልብጥ ብሎ ወደ ቤቱ ገባ። ቆርቆሮው ተንጫጫ እንጂ ጠብታ አላስገባም። ኮሎኔሉ ከአልጋ አልጋ እየሄዱ ብርድ ልብሱን ዳሰሱ። «ደረቅ ነው! ልጆች፣ ደረቅ ነው እኮ!» ብለው ጮኹ። ሆታው ከነጎድጓዱ በለጠ። እሳቸውም በደስታ አለቀሱ፤ ምን ያሳፍራል?

ሲያባራ ግን ቃላቸው ጠበቃቸው። ከረጅሙ ቤት ጎን፣ ክረምቱ መንገዱን ሳይዘጋው የተጠናቀቀው የቤተሰብ ቤት አንድ ብቻ ነው፤ ቤተሰብ የሚያመጣው የመጨረሻው መኪናም ሊወርድ ሞተሩ ተነስቷል።

«ውሃ ባይኖር ድንጋዩ ምን ይሠራ ነበር?» አለ ጉደታ። «መንታ ልጆቼን ገና አላየኋቸውም ጌታዬ።»

«ያንን ግድግዳ ባላፈርሰው ዛሬ በላያችን ይናድ ነበር» አለ ሽመክት። «እናቴ አርጅታለች፣ ውሃ የሚያቀብላት የለም።»

«ሰው ባላመጣላችሁስ?» አለች ወይኒቱ። «ልጄ ያለችው ሰው ቤት ነው። አሁን እማዬ የምትለው ሌላ ሴት ሆናለች።»

ኮሎኔሉ ጭንቅ ሲላቸው ጦሩን «እናንተ ፍረዱ!» አሉት። ጦሩ ከሦስት ተከፍሎ ይጯጯህ ጀመር። ኮሎኔሉ ደነገጡ፤ ያ የድሮው መለያየት የተመለሰ መሰላቸው። ቀረብ ብለው ቢያዩ ግን ነባሮቹ ከተጠባባቂ ለመጣው ለሽመክት ይሟገታሉ፣ ተጠባባቂዎቹ ለጉደታ ላንቃቸው እስኪሰነጠቅ ይጮኻሉ፣ ለወይኒቱ የቆሙት ደግሞ ማን ነባር ማን ተጠባባቂ እንደሆነ አይለይም። ደስታቸው ወሰን አጣ። ጦራቸው አንድ ሆኗል!

ሾፌሩ ጥሩምባውን ነፋ። ኮሎኔሉ ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው እጃቸውን ዘረጉ፤ ሦስቱም እጃቸውን ዘረጉ።

እናንተ እዚያ ብትሰለፉ ለማን ትጮኹ ነበር? ቁልፉ የሚገባው ለማን ነው?