አያ ሻጋቶ፣ እመት ለምለሚትና በጨለማ የመጣው እንግዳ

ተረት ተረት። «የላም በረት» አትበሉኝ፤ ዛሬ ላም የለችበትም። «የበረዶ በረት» በሉኝ። እንዲያ!

ድሮ ድሮ፣ ምድር በምታልቅበት ጫፍ፣ ፀሐይ አንዴ ከወጣች ለወራት የማትጠልቅበት፣ አንዴ ከጠለቀች ደግሞ ለወራት የማትወጣበት አገር ነበረ። በዚያ አገር አንድ ድንጋይ፣ በድንጋዩም ጀርባ ላይ አንዲት ጎጆ ነበረች። እናንተ ብታዩዋት ጎጆ አትሏትም፤ «ድንጋዩ ሸበተ» ብላችሁ ታልፋላችሁ። ስሟም የድንጋይ ሽበት ነው። ውስጧ ግን ባልና ሚስት ይኖሩባታል።

ባልየው አያ ሻጋቶ ይባላል፤ ወገኑ ከሻጋታ ነው። ግድግዳ የሚያቆም፣ ጣሪያ የሚከድን፣ ድንጋዩን ቆንጥጦ የሚይዝ፣ ውሃ የሚቀዳ እሱ ነው። ሚስቱ እመት ለምለሚት ትባላለች፤ ኩሬ ላይ አረንጓዴ ሆኖ ከሚንሳፈፈው ወገን ናት። የእሷ ሥራ ማብሰል ነው። እሳቷ የፀሐይ ብርሃን ነው፤ በብርሃንና በውሃ ጣፋጭ ምግብ ትሠራለች። አያ ሻጋቶ ማብሰል አያውቅም። መብላት ግን... ተዉኝ፣ እዚህ የተቀመጡ ባሎች እንዳይቀየሙኝ።

ባልና ሚስቱ አንድ ሕግ ነበራቸው። ፀሐይ ስትገባ በራቸውን ዘግተው፣ ድርቅ ብለው ይተኛሉ። የደረቀ አይርበውም።

«በጨለማ ውሃ አይቀመስም» ትላለች እመት ለምለሚት። «ውሃ ከቀመስን እንነቃለን፤ ከነቃን እንበላለን፤ እኔ ደግሞ ያለ እሳት አላበስልም።»

ጎረቤታቸው ሽማግሌው አባ ቁር ደጃቸው ላይ ቆመው ይጠብቋቸዋል። ውሃውን ሁሉ በረዶ አድርገው ስለሚቆልፉት በጨለማ በራቸውን የሚያንኳኳ የለም። ፀሐይ ስትመለስ ይነቃሉ። እንዲህ ሆነው ዘመን ከዘመን ኖሩ።

ታዲያ ከሩቅ፣ ከሞቃቱ አገር፣ አያ ወበቆ የሚባል እንግዳ መንገድ ጀመረ። ለምን ከቤቱ ወጣ ብትሉ፣ ሰዎች ጭስ በጭስ አድርገውበት ነው። ማን እንዳጨሰበት አልነግራችሁም፤ እርስ በርስ ተያዩ።

መጀመሪያ የመጣው ፀሐይ በወጣችበት ጊዜ ነው።

«ቤቶች!» አለ።

«ደጆች!» አሉት።

«ውሃ ይዤ መጣሁ፤ ሙቀት ይዤ መጣሁ።»

ጠጡ፣ አበሰሉ፣ በሉ። ጎጆዋ የጥፍር ያህል ሰፋች። ትስቃላችሁ? ለእነሱ አዳራሽ ነው! አያ ሻጋቶ ደረቱን ነፋ።

«አባ ቁር» አለ፣ «እርስዎን ጎረቤት ብለን ተኮራምተን ቀረን። ጎረቤት ማለት እንዲህ ነው!»

«ይሁን» አሉ አባ ቁር። ብዙ አይናገሩም።

ሁለተኛ የመጣው ፀሐይ ልትገባ ስታዘቀዝቅ ነው።

«ቤቶች! ውሃ ይዤ መጣሁ፤ ሙቀት ይዤ መጣሁ።»

እመት ለምለሚት ሰማዩን አየች። «እሳቴ እየከሰመ ነው። ይቅርብን» አለች።

«አንቺ ደግሞ! እንግዳ ያመጣውን መመለስ ነውር ነው» አለ አያ ሻጋቶ። ጠጣ። በላ። ለክፉ ቀን የተቀመጠው ስንቅ ጎደለ። አያ ወበቆም አባ ቁርን ትከሻቸውን ነካ አድርጎ፣ «አባቴ፣ ደክመዋል፤ ትንሽ ወዲያ ይበሉ» አላቸው። አባ ቁር ወዲያ አሉ። ሽማግሌ ሲገፋ ዝም ብሎ ያየ ጎረቤት መጨረሻውን ቆይቶ ነው የሚያየው።

ሦስተኛ የመጣው በድቅድቁ ጨለማ፣ ሁሉም በተኛበት ነው።

«ቤቶች!»

ዝም።

«ቤቶች! ውሃ ይዤ መጣሁ፤ ሙቀት ይዤ መጣሁ።»

በረዶው ቀለጠ። ጠብታዋ በጣሪያው ሾልካ ገባች። አያ ሻጋቶ ውሃ ካገኘ ዓይኑን አያሽም፤ እንቅልፍ ላይ ሆኖ እንኳ ጠጣ። ነቃ። ከእሱ ቀድሞ የነቃው ግን ሆዱ ነው።

«ለምለሚት! ራት!»

«በምን እሳት?»

«እንዲያው ትንሽ ነገር...»

«ስንቁ ያውልህ።»

በላው። አያ ወበቆ አልሄደም። ሙቀት ደግሞ ሆድ ያሰፋል።

«ለምለሚት! አሁንስ?»

«የድስቱ ጥራጊ አለ።»

በላው። አያ ወበቆ አሁንም አልሄደም።

«ለምለሚት! አሁንስ?»

እመት ለምለሚት ቀስ ብላ፣ «አሁን የቀረሁት እኔ ነኝ» አለችው።

አያ ሻጋቶ ደነገጠ። ሆዳም ይሁን እንጂ ሚስቱን ይወዳታል። በሩ ላይ ቆሞ፣ «ውጣልኝ!» ብሎ እንግዳው ላይ ጮኸ።

አያ ወበቆ ተቀየመ። «ምን አጠፋሁ? ውሃ ሰጠሁ፤ ሙቀት ሰጠሁ። እንግዳ ይባረራል እንዴ?» እውነቱን ነው፤ ክፉ አልነበረም። ሰዓት አያውቅም እንጂ።

«አባ ቁር! ይድረሱልን!» ብሎ ተጣራ አያ ሻጋቶ።

ከሩቅ ደካማ ድምፅ መለሰ፦ «እየመጣሁ ነው ልጄ። እንደ ድሮው መሮጥ አልቻልኩም፤ መንገዱ ቀልጧል።»

እስኪደርሱ ረሃቡ ጠና። አያ ሻጋቶ የገዛ ጣሪያውን ጫፍ በላ። ግድግዳውን በላ። ሚስቱን ላለመንካት ተጠነቀቀ፤ ግን በጨለማ የተራበ አፍ የሚነክሰውን መች ያያል? አባ ቁር ደርሰው ደጁን ሲቆልፉት ጎጆዋ ጭር ብላለች።

አያ ወበቆ ሲሰናበት፣ «ቤታችሁን ወድጄዋለሁ፤ በሚመጣውም ጨለማ ብቅ እላለሁ» አለ።

ፀሐይ ተመለሰች። የጎጆዋ እኩሌታ ነጭ፣ ባዶ።

«ለምለሚት!» አለ አያ ሻጋቶ።

ዝም።

«ለምለሚት! ነግቷል!»

ዝም።

«ለምለሚት! እሳትሽ መጥቷል፤ ስለ ራት አልጠይቅሽም!»

ያኔ ከአንዲት ጥግ፣ በቀጭን ድምፅ፣ «ውሃ አቀብለኝ» አለች።

አቀበላት። ቤቱን ሁሉ ሞልታ የነበረችው ሴት በአንድ ጥግ ቀርታለች። ከዚያ ወዲህ አያ ሻጋቶ ተርቦ እየዋለ እንኳ፣ እሷ ሳትጠራው ወደ ማዕድ አልቀረበም። በየቀኑ ደጅ እየወጣም፣ «አባ ቁር፣ አሉ?» ይላል።

«አለሁ» ይላሉ። ድምፃቸው ግን ከትናንትናው ራቅ ይላል።

ስለዚህ እንዲህ ተባለ፦ ሳይነጋ የቀሰቀሰህ፣ ቁርስህን ይዞ አልመጣም።

ተረቴን መልሱ፤ አፌን የምታብሱበትን ዳቦ ግን ሲነጋ አምጡልኝ።