አምስት አጎቶች፣ ሁለት ድንኳን

አንድ እናቱ የሞተችበት ሰው ነበረ። ጥያቄህን አልረሳሁትም፤ መጀመሪያ ይህን ስማ።

እናቲቱ አምስት ወንድሞች ነበሯት። የአባታቸውን መሬት በአንድ ኩሬ ዙሪያ ተካፍለው ሲያርሱ፣ እያንዳንዱ ከግራና ከቀኝ ጎረቤቱ ጋር በድንበር ተጣላ። አንደኛው ከሁለተኛው፣ ሁለተኛው ከሦስተኛው፣ እንዲህ እያለ ዞሮ አምስተኛው ከአንደኛው። ሁሉም ጠበኛዬ ካለበት ጥላ ሥር አልቀመጥም ብለው ማሉ። አይ ሰው! እሷ ግን ልትሞት ስትል ልጇን «አምስቱም በአንድ ጊዜ ተቀምጠው ያልቅሱልኝ፤ አንድም እንዳይቀር» አለችው። እሺ አላት።

እድሩ ያለው ሁለት ድንኳን ነው፤ ቤቱን ደግሞ ሴቶቹ ሞልተውታል። ልጁ ቀላል መሰለው። አንደኛውንና ሦስተኛውን ወዲህ፣ ሁለተኛውንና አራተኛውን ወዲያ አስገባ። አምስተኛው ደጅ ቀረ፤ ወዲህ አንደኛው አለ፣ ወዲያ አራተኛው አለ። አራተኛውን ወዲህ ቢያዛውር ከሦስተኛው ጋር ተፋጠጠ። ሦስት ቀን ሙሉ ላቡ እስኪንቆረቆር አመላለሳቸው፤ ሁልጊዜ አንዱ ደጅ ይቆማል። ለቀስተኛው «ይሄ ልጅ ለእናቱ አንዲት እንባ እንኳ አላወጣም» እያለ አማው። ኧረ መች ፋታ አገኘ!

በመጨረሻ ጨነቀውና ደጅ በቆመው በትንሹ አጎቱ እግር ላይ ወደቀ። «ጋሼ፣ በእህትዎ አጥንት ይዤዎታለሁ፤ ከአንዳቸው ጋር ብቻ ይታረቁልኝ፣ ሁላችሁም ትገባላችሁ።» አጎቱ እንባው እየወረደ «ምያለሁ፣ ምን ላድርግ» አለና ወደ ቤቱ ሄደ።

ድንኳኑ ተነቀለ። ሰውየውም ከዚያ ወዲህ እርሻውን ትቶ፣ መሬት ላይ ሁለት ክብ አስምሮ አምስት ጠጠር ከአንዱ ወደ ሌላው ሲያዛውር ይውል ጀመር። ሚስቱ ብትለምነው አይሰማም። የት ጋ ነው የተሳሳትኩት ይላል፣ የት ጋ ነው የተሳሳትኩት።

ልጄ፣ ያ ሰው አንተ ነህ። በመስመር የተያያዙ ሁለት ነጥቦች አንድ ቀለም እንዳይጋሩ አድርጎ፣ እንዲህ ያለውን የነጥብና የመስመር ሥዕል ሁሉ በጥቂት ቀለም ማቅለም ይቻላል ብለህ ይህን ለማረጋገጥ ሰባት ዓመት ለፋህ። ባለፈው ሳምንት አንድ የማታውቀው ሰው በዚያ ጥቂት ቀለም አልቀለምም የሚል ሥዕል አግኝቶ አሳተመ። አንተም መጥተህ የት ጋ እንደተሳሳትክ ጠየቅከኝ። የትም! ብትሳሳትማ ደስ ባለኝ፤ ስህተት ይታረማል። ደብተርህን ሁሉ አገላብጬ አየሁት፣ አንድ ነቁጥ አላገኘሁበትም። የፈለግከው ነገር ግን ከመጀመሪያውም አልነበረም። ማጽናኛ ብትለኝ የለኝም። ያ ሰው እናቱን ሳያለቅስላት ቀረ፤ አንተ እንኳ እስክሪብቶውን አስቀምጥና አልቅስ።