እትዬ እንጉዳይና አልደርቅ ያለው ግድግዳ

ተረት ተረት! «የላም በረት» እንዳትሉኝ፤ የዛሬው ተረት ላም የለበትም። «የባኞ ቤት!» በሉኝ። እንዲያ! አፋችሁ ይባረክ።

ደጀን ላይ፣ ከዓባይ በረሃ አፋፍ፣ እትዬ እንጉዳይ የሚባሉ ሴት ነበሩ። ከልጅነት እስከ ሽበት የታጠቡት ጓሮ፣ በብርድ ልብስ ተጋርደው፣ ሳፋ ውስጥ ተኮራምተው ነው። እሱም ቢሆን ጎረቤት ሁሉ በአጥሩ ላይ ብቅ እያለ እንዴት አደሩ ይላቸዋል፤ እሳቸውም ሳሙና ዓይናቸው ውስጥ ገብቶ እግዚአብሔር ይመስገን ይላሉ። ምኞታቸው አንዲት ናት፦ በር ቆልፈው፣ ቀጥ ብለው ቆመው፣ ሙቅ ውሃ ከላይ እየወረደባቸው፣ ማንም ሳያናግራቸው መታጠብ። ይኸው ነው። ባኞ ቤቱ ተሠራ፣ ግድግዳው ተለሰነ፣ ሰማያዊ ሴራሚክ ተገዛ። ሳፋዋንም ዳግም አልይሽ ብለው ከአጥሩ ሥር ወረወሯት።

ሴራሚክ ሠሪው ይርጋ መጣና ግድግዳውን በመዳፉ ዳበሰ። መዳፉን አየ፤ ራሱን ነቀነቀ። እርጥብ ልስን ላይ ሴራሚክ አይለጥፍም፤ እስከ ነገ ካልደረቀ ደግሞ ቡሬ ሌላ ሥራ ይጠብቀዋል፤ ከሄደም ክረምት ሳይወጣ አይመለስም። እትዬ እንጉዳይ ክው አሉ። ክረምቱን ሙሉ በዚያች ሳፋ ሊታጠቡ!

ሴራሚኩን ለመኑት። ሴራሚኩም ግድግዳው ሳይደርቅ ብለጠፍ ነገ እግርዎ ላይ እወድቃለሁ አላቸው። ሴራሚኩ አልተለጠፈ፣ እትዬ እንጉዳይ አልታጠቡ።

ግድግዳውን ድረቅ አሉት። እሱ ደግሞ ነፋስ ሳይነካኝ በምን ልድረቅ አለ፤ ጭራሽ ጠዋት ጠዋት ከትናንቱ ብሶብኝ ነው የምገኘው፣ ምን እንዳገኘኝም እንጃ። እትዬ እንጉዳይ ደነገጡ፤ በዚህ ከቀጠለ ግድግዳው ላይ ሞክሼያቸው ሊበቅል ነው። ግድግዳው አልደረቀ፣ ሴራሚኩ አልተለጠፈ፣ እትዬ እንጉዳይ አልታጠቡ።

ነፋሱን ጠሩት። ከዓባይ ሽቅብ እየፎከረ መጣና መስኮቱ ዝግ መሆኑን ሲያይ ተቆጣ። በስንጥቅ ሾልኬ የምገባ ሌባ መሰልኩዎት ወይ አለ። ነፋሱ አልገባ፣ ግድግዳው አልደረቀ፣ ሴራሚኩ አልተለጠፈ፣ እትዬ እንጉዳይ አልታጠቡ።

መስኮቱን ተከፈት አሉት። በምን በኩል፣ አለ መስኮቱ፣ ዶሮ ከነቅርጫቷ ተደግፋኝ እንቁላል ታቅፋለች፤ ብከፈት ቅርጫቱ ወድቆ ጫጩቶቹ ሳይፈለፈሉ እንቁላል ጥብስ ይሆናሉ። መስኮቱ አልተከፈተ፣ ነፋሱ አልገባ፣ ግድግዳው አልደረቀ፣ ሴራሚኩ አልተለጠፈ፣ እትዬ እንጉዳይ አልታጠቡ። አብራችሁ በሉ እንጂ! እኔ ብቻዬን ልድከም?

ዶሮዋን እሽ አሏት፤ ጣታቸውን ነከሰቻቸው። ያስታቀፉኝ ጋሽ መኩሪያ ናቸው፣ እሳቸው በእጃቸው ካላነሱኝ ንቅንቅ አልልም አለች። ዶሮዋ አልተነሳች፣ መስኮቱ አልተከፈተ፣ ነፋሱ አልገባ፣ ግድግዳው አልደረቀ፣ ሴራሚኩ አልተለጠፈ፣ እትዬ እንጉዳይ አልታጠቡ።

አሁን ነው ጉዱ። ጋሽ መኩሪያ የእትዬ እንጉዳይ ባል ናቸው፤ ያን ሰሞን ግን ከመኩሪያነት ወደ ኩርፊያነት ዞረዋል። ሴራሚክ ሲገዛ አረንጓዴ ይሁን ቢሉ፣ እትዬ እንጉዳይ በሰው ፊት «አንተ ደግሞ ስለ ቀለም ምን ታውቃለህ!» ብለዋቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ በረንዳ ላይ ጀርባቸውን ሰጥተው ይቀመጣሉ። ቃል አይለዋወጡም። እትዬ እንጉዳይ አጠገባቸው ቆመው ጉሮሯቸውን ቢጠርጉ ጊዜ፣ ጋሽ መኩሪያ ወደ ምሰሶው ዞሩና፣ ሽማግሌ ሳይመጣ እንደማይታረቁ ለምሰሶው ነገሩት። ጋሽ መኩሪያ አልታረቁ፣ ዶሮዋ አልተነሳች፣ መስኮቱ አልተከፈተ፣ ነፋሱ አልገባ፣ ግድግዳው አልደረቀ፣ ሴራሚኩ አልተለጠፈ፣ እትዬ እንጉዳይ አልታጠቡ።

ነጠላቸውን እየጎተቱ የሰፈሩ ሽማግሌ አባ ቢተው ዘንድ ሮጡ። አባ ቢተው ከእርሻ መመለሳቸው ነው፤ ጭቃው እስከ ጉልበታቸው ወጥቷል። በጭቃ እግር ሽምግልና አይኬድም አሉ። ቀጥለውም ፈገግ ብለው፣ «እናንተ ቤት አዲስ ባኞ ቤት አለ ሲሉ ሰምቻለሁ፤ እዚያ ታጥቤ ላስታርቃችሁ» አሉ።

አባ ቢተው አልታጠቡ፣ ጋሽ መኩሪያ አልታረቁ፣ ዶሮዋ አልተነሳች፣ መስኮቱ አልተከፈተ፣ ነፋሱ አልገባ፣ ግድግዳው አልደረቀ፣ ሴራሚኩ አልተለጠፈ፣ እትዬ እንጉዳይ አልታጠቡ፤ ባኞ ቤቱ ካላለቀ ደግሞ አባ ቢተው አይታጠቡ! እትዬ እንጉዳይ ነገሩ እንደ ጎማ ሲዞርባቸው መንገድ ዳር ቁጭ ብለው ሊያለቅሱ ነበር። ኋላ ግን አንድ ነገር ትዝ አላቸው። ሳፋዋ!

ከአጥሩ ሥር ጎትተው አወጧት፤ አቧራዋን በቀሚሳቸው ጠረጉላት፤ ሞቅ ያለ ውሃ ሞሉባት። አባ ቢተው ግቢያቸው ድረስ መጥተው እግራቸውን ነክረው አሹ፣ ከዚያም በረንዳው ላይ ተቀምጠው፣ ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ብለው ጀመሩ። ክሱን ሰሙ። እትዬ እንጉዳይ በሰው ፊት በመናገራቸው አጥፍተዋል አሉ። ጋሽ መኩሪያም ለሴራሚክ ብለው ትዳርን ያህል ነገር በማኩረፋቸው አጥፍተዋል። ካሳው እንዲህ ይሁን፦ ከሰማያዊዎቹ መሃል አንዲት አረንጓዴ ትግባ። ሁለቱም አንገታቸውን ደፉ፤ ታረቁ።

ጋሽ መኩሪያ ብድግ አሉና ውሃ የሞላ ጆግ አነሱ። «እንግዲያው ቆዩኝ፣ ግድግዳውን አጠጥቼው ልምጣ።»

«ምን አልክ?» አሉ እትዬ እንጉዳይ።

«ለሳኙ እንዳይሰነጠቅ ውሃ አጠጡት ብሎ አልነበር? ይኸው ጎህ ሳይቀድ እየተነሳሁ አጠጣለሁ። በቃ ያለኝ አለ?»

«በየት አፌ ልበልህ፣ ተኳርፈን!»

በረንዳው ጥግ ሆኖ ይሰማ የነበረው ይርጋ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። እትዬ እንጉዳይ ግን ሊቆጡ ብለው ተዉት። ሰውየው እያኮረፈም እንኳ የእሳቸውን ግድግዳ አልረሳም። አንጀታቸውን በላቸው። ጆጉን ቀስ አድርገው ተቀበሏቸውና «በቃው፣ ጠግቧል» አሉ።

በሉ አሁን ያዙኝ! አባ ቢተው ታጠቡ፣ ጋሽ መኩሪያ ታረቁ፣ ዶሮዋ ከነእንቁላሏ ጓዳ ገባች፣ መስኮቱ ተከፈተ፣ ነፋሱ እየፎከረ ገባ፣ ግድግዳው ሲነጋ ደርቆ ተገኘ። ይርጋ ልስኑን በመሮ እየወቀረ አሻከረው፣ አቧራውን ጠረገ፣ ሴራሚኩ ተለጠፈ። አረንጓዴዋንም ከሌላ ቤት ሥራ ከተረፈው አውጥቶ፣ ልክ ከቧንቧው በላይ አስገባት።

እትዬ እንጉዳይም በር ቆለፉ። ቀጥ ብለው ቆሙ። ሙቅ ውሃው ወረደባቸው፤ እንዴት አደሩ የሚላቸው አልነበረም። ሳሙናውን ከዓይናቸው ጠርገው ቀና ሲሉ ያቺ አረንጓዴ ፊት ለፊታቸው ናት። እውነት ለመናገር፣ ሁሉም እንደሷ በሆነ ኖሮ ያምር ነበር። ይህን ግን ለጋሽ መኩሪያ እንዳትነግሩብኝ።

ተረቴን መልሱ፤ ባኞ ቤት ከመግባታችሁ በፊት እግራችሁን አብሱ።